ቀዘፋ፣ የእረፍት ቀንና የመጸው ውድድር፦ ጀልባ ቀዛፊ ልጅ ላላቸው ወላጆች



በማለዳ ቴል አቪቭ ውስጥ በያርኮን ወንዝ ዳር ያለፈ ሰው፣ ረጃጅምና ቀጫጭን ጀልባዎች ውኃውን እየሰነጠቁ ሲያልፉ ሳያይ አይቀርም። ይህ ስፖርት በዕብራይስጥ ሐቲራ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የጀልባ ቀዘፋ ማለት ነው። ስለ ሩጫ ከሆነ ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ማሩ ተፈሪ በ2023 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በማራቶን የብር ሜዳልያ ሲያገኝ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጠ፣ እንዴትስ እንደተለማመደ አያቶቻችን ሳይቀሩ ሲያወሩ ነበር። ቀዘፋ ግን ለብዙው ቤተሰብ እንግዳ ነው። ልጁ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ ይወጣል፣ መዳፉ ቆስሎ ይመለሳል፣ ሲበላ አይጠግብም፤ ከዚያም አንድ ቀን «ዛሬ አሰልጣኙ አትምጡ፣ እረፉ ብሎናል» ይላል። ወላጅ ይህን ሲሰማ ግራ ይገባዋል።

እኔም ግራ ከተጋቡት አንዱ ነበርኩ። ልጄ ያርኮን ላይ መቅዘፍ ከጀመረች አራት ዓመት ሆኗታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከአሰልጣኞች፣ ከሐኪምና ከሌሎች ወላጆች የተማርኩትን፣ እንዲሁም በራሴ ስሕተት የተማርኩትን እዚህ እጽፋለሁ። በተለይ ስለ መጸው ወራት ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ወቅት ውድድሩም፣ ጾሙም፣ በዓሉም፣ የትምህርት ቤቱ መከፈትም በአንድ ላይ ይመጣሉ።

ታንኳና የውድድር ጀልባ

እናቴ የደምቢያ ሰው ናት። ጎርጎራ አካባቢ ጣና ላይ ከደንገል የተሠራ ታንኳ እያየች አድጋለች። የልጅ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ ልታይ ወንዝ ዳር የመጣች ዕለት «ይቺ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ወዴት ነው የምትሄደው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። የጣና ባለ ታንኳ ወደሚሄድበት እያየ ነው የሚገፋው። የውድድር ቀዛፊ ግን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ነው የሚቀመጠው፤ ወደሚሄድበት ጀርባውን ይሰጣል፤ መንገዱን የሚያየው በየጊዜው አንገቱን እየጠመዘዘ ነው። ስምንት ሰው በሚይዘው ትልቁ ጀልባ ላይ ግን ፊቱን ወደፊት አድርጎ የሚመራና ትእዛዝ የሚሰጥ ዘጠነኛ ሰው አለ።

ሁለተኛው ልዩነት መቀመጫው ነው። የውድድር ጀልባ መቀመጫ በትናንሽ ጎማዎች በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። ቀዛፊው ጉልበቱን አጥፎ ወደፊት ይንሸራተታል፣ መቅዘፊያውን ውኃ ውስጥ ይከታል፣ ከዚያም በእግሩ እየገፋ ይዘረጋል። ስለዚህ ብዙ ሰው እንደሚያስበው የክንድ ሥራ አይደለም። ከኃይሉ ከግማሽ የሚበልጠው ከእግር ነው፤ ቀጥሎ ወገብና ጀርባ፣ ክንድ መጨረሻ ነው። «ልጄ ክንዷ ቀጭን ነው፣ ይህ ለእሷ አይሆንም» ብለው ልጃቸውን ያስቀሩ እናት አውቃለሁ። ልጅቷ ከሠፈሩ ልጆች ሁሉ ረጅምና ጠንካራ እግር ያላት ነበረች። ያሳዝናል።

አንዳንዱ ቀዛፊ በሁለት እጁ ሁለት መቅዘፊያ ይይዛል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሁለት እጁ አንድ ረጅም መቅዘፊያ ብቻ ይይዛል። ጀልባውም ለአንድ፣ ለሁለት፣ ለአራት ወይም ለስምንት ሰው ይሠራል። ከዚህ በላይ ዝርዝር ለጊዜው አያስፈልገንም።

በዚህ አገር የቀዘፋን ስም ካስጠሩት መካከል ሞራን ሳሙኤልን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበረች። በ2006 እ.ኤ.አ. ገና በ24 ዓመቷ በአከርካሪዋ ላይ በደረሰ የደም ፍሰት ችግር ከወገቧ በታች ሽባ ሆነች። ከዚያ በኋላ በክንዷና በትከሻዋ ብቻ እየቀዘፈች በ2016 በሪዮ ፓራሊምፒክ ነሐስ፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ፓራሊምፒክ ብር፣ በ2024 በፓሪስ ደግሞ ወርቅ አግኝታለች። ወርቁን ስታገኝ 42 ዓመቷ ነበር።

የመጸው ውድድር ከበጋው በምን ይለያል?

በቴሌቪዥን የምናየው የበጋው ውድድር 2,000 ሜትር ነው። ስድስት ጀልባ ጎን ለጎን ተሰልፎ ይነሣል፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ሁሉም ነገር ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ያልቃል።

የመጸው ውድድር ሌላ ነው። ርቀቱ ይረዝማል፣ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 7 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ ከሌላው ኋላ፣ በጥቂት ሰከንድ ልዩነት ይነሣሉ። እያንዳንዱ ጀልባ የፈጀው ጊዜ ይመዘገብና በመጨረሻ ይወዳደራል። ስለዚህ ወንዝ ዳር የቆመ ወላጅ ማን እንደሚመራ ላያውቅ ይችላል። ልጅዎ በሌላ ጀልባ ተቀድማ ሲያዩ ወዲያው አይዘኑ፤ ያ ጀልባ ከእሷ ዕድሜ ክፍል ላይሆን ይችላል።

የዚህ ዓይነት ውድድር የተጀመረው ለእረፍትና ለልምምድ ጉዳያችን በሚስማማ ምክንያት ነው። ስቲቭ ፌርቤርን የተባለ አውስትራሊያዊ አሰልጣኝ እንግሊዝ አገር ሳለ፣ ቀዛፊዎች በክረምት ረጅም ርቀት እንዲለማመዱ ይፈልግ ነበር። ግን ግብ የሌለው ልምምድ ያሰለቻል። ስለዚህ በ1926 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በቴምዝ ወንዝ ላይ የሚደረግ ረጅም ውድድር አዘጋጀ። ለእሱ ውድድሩ የረጅሙ ልምምድ ማበረታቻ እንጂ ዋናው ነገር አልነበረም። በዛሬው ጊዜ በዓለም ከታወቁት አንዱ በቦስተን ከተማ በቻርልስ ወንዝ ላይ በጥቅምት ወር የሚደረገው ነው። የተጀመረው በ1965 ሲሆን ርቀቱ ወደ 4.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከ10,000 በላይ ቀዛፊዎች ይካፈሉበታል። ወንዙ ይጣመማል፣ ድልድዮቹ ጠባብ ናቸው፤ ስለዚህ ጉልበት ያለው ሁሉ አያሸንፍም። መታጠፊያውን ያላወቀ ከድልድይ ምሰሶ ጋር ይጋጫል። ከኋላ የደረሰበት ጀልባ ሲመጣ መንገድ የማይለቅ ደግሞ በጊዜው ላይ ቅጣት ይጨመርበታል።

እንዲህ ያለው ውድድር እንደ ጀልባው ዓይነትና እንደ ቀዛፊው ጥንካሬ ከ14 እስከ 25 ደቂቃ ይፈጃል። ያን ያህል ጊዜ ሳያቋርጡ ለመግፋት የሚያስፈልገው ትንፋሽና ጽናት ነው። ጽናት ደግሞ በአንድ ሳምንት አይመጣም፤ ብዙ ሰዎች ከነሐሴ መጨረሻ ጀምረው ስምንትና አሥር ሳምንት ይዘጋጃሉ። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

በልጄ ላይ የደረሰው

ልጄ 15 ዓመት ሲሆናት፣ በሁለተኛው መጸው፣ አራት ልጆች በሚቀዝፉበት ጀልባ ላይ ቦታ አገኘች። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እኔ ልጅ ሳለሁ ከብት ስጠብቅ፣ ውኃ ስቀዳ፣ አባቴ ከሰንበት በቀር «ዛሬ እረፍ» ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ልማድ ያደገ ሰው ልጁን ሲያበረታታ የሚያውቀው አንድ ቃል «በርቺ» ነው። አሰልጣኟ «ረቡዕ እረፉ» ሲላቸው እኔ ቤት ውስጥ የቆመ የቀዘፋ ማሽን ያለው ጎረቤት ጋ ወስጄ አስቀዝፋት ነበር። ሌሎቹ ሲያርፉ እሷ ትበልጣለች ብዬ ነው። አሰልጣኟም አልጠየቀ፣ እኛም አልነገርነው።

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ እንቅልፏ ተበላሸ። ጠዋት ስትነሣ ፊቷ ይጨፈግጋል፣ ከእናቷ ጋር በትንሽ ነገር ትጣላለች። ዕድሜዋ ነው አልን። ከዚያ በኋላ በስተግራ በኩል ጎድኗን ስታሳልና ስትስቅ እንደሚያማት ታናሽ ወንድሟ ነገረን። ለእኛ አልተናገረችም። ለምን እንደደበቀች ስጠይቃት «አባዬ፣ ከታመምኩ ቦታዬን ለሌላ ይሰጡብኛል፤ አንተም ታዝናለህ» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ሐኪሙ ጎድኗን ሲመረምር ሲነካት ጮኸች። የአጥንት ስንጥቅ ነበር። ወድቃ ወይም ተመትታ አይደለም፤ ያው እንቅስቃሴ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም አጥንቱ ለመጠገን ጊዜ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ ስንጥቅ ነው። በቀዛፊዎች ዘንድ የታወቀ ጉዳት መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ስድስት ሳምንት ጀልባ ላይ አልወጣችም። ውድድሩን ወንዝ ዳር ቆማ አየች፤ ጓደኞቿ ሲመለሱ ጀልባውን ተሸክማ ለማስገባት እንኳ አልተፈቀደላትም።

ለምን እንዲህ ይሆናል?

ልጅ ጠንክሮ ሲለማመድ ሰውነቱ በዚያው ሰዓት አይጠነክርም። በዚያው ሰዓት የሚሆነው መድከም ነው። ጡንቻ ውስጥ ጥቃቅን ጉዳት ይደርሳል፣ በጡንቻና በጉበት የተቀመጠው የስኳር ስንቅ ያልቃል፣ ላብ ይወጣል። የሚጠነክረው ከዚያ በኋላ፣ ሲበላና ሲተኛ ነው። ሰውነት የተጎዳውን ሲጠግን ከበፊቱ ትንሽ አጠንክሮ ይጠግነዋል። ጥገናው ሳያልቅ እንደገና ካደከምነው፣ ሁለተኛው ድካም በመጀመሪያው ላይ ይደረባል። እንደ ጭቃ ቤት ነው፤ የትናንቱ ምርጊት ሳይደርቅ ሌላ ጭቃ የለጠፈበት ሰው ሁለቱንም መሬት ላይ ያገኛቸዋል።

ጥገናው ለሁሉም የሰውነት ክፍል እኩል ጊዜ አይፈጅም። ያለቀው የስኳር ስንቅ በደንብ ከተበላ በአንድ ቀን ገደማ ይሞላል። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ይሻሻላሉ። ጅማትና አጥንት ግን ቀስ ብለው ነው የሚለምዱት። ለዚህ ነው ከበጋ እረፍት የተመለሰ ልጅ በሦስተኛው ሳምንት «ትንፋሼ ተመልሷል፣ ምንም አልሆንም» ብሎ ሲገፋ የሚጎዳው። ትንፋሹ እውነት ተመልሷል፤ ጎድኑና ወገቡ ግን ገና ናቸው። በቀዘፋ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የታችኛው ወገብ ሕመም ነው፤ ጎድን ከእሱ ቀጥሎ የሚያሰጋ ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ስፖርተኛ ልጆች በየሳምንቱ ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከተደራጀ ልምምድ እንዲያርፉ፣ በዓመት ውስጥም ከያዙት ስፖርት በድምሩ ከሁለት እስከ ሦስት ወር እንዲለዩ ይመክራል። ይህን ሳነብ ጎረቤቴ ቤት ያለውን ማሽን አስታወስኩ።

ድካም እየተደረበ መሆኑን ወላጅ ከአሰልጣኝ ቀድሞ ሊያይ ይችላል፤ ምክንያቱም ጠዋት የሚያየው እሱ ነው። ልጁ ከአልጋ ሳይነሣ የልብ ምቱን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠርና በደብተር ይጻፍ። ከወትሮው ከ5 እስከ 10 ምት ከፍ ብሎ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ፣ ወይ ሕመም እየመጣ ነው ወይ እረፍት አንሶታል። የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ ቶሎ ቶሎ ጉንፋን መያዝም ምልክት ነው። ሴት ልጅ ከሆነች የወር አበባ መቅረትም ያው ምልክት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው የምትበላው ከምታወጣው ጉልበት ሲያንስ ሲሆን አጥንትንም ያደክማል። ይህን ለአባቷ ለመናገር ታፍር ይሆናል፤ እናት ወይም አክስት ትጠይቃት።

ቀስ ብሎ መቅዘፍም ልምምድ ነው

ወላጅን የሚያስገርመው ሌላው ነገር፣ አብዛኛው የቀዛፊ ልምምድ ቀስ ያለ መሆኑ ነው። ወንዝ ዳር ቆመው «ምነው አትጎትቱም?» የሚሉ አባቶች ሰምቻለሁ። አንዱ እኔ ነበርኩ።

በቀዘፋ ፍጥነት የሚለካው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተቀዘፈ ነው። በበጋው አጭር ውድድር በደቂቃ 34 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ በመጸው ረጅም ውድድር 28 ወይም 30 አካባቢ ነው። በልምምድ ቀን ግን ብዙውን ጊዜ 18 ወይም 20 ብቻ ነው። መቅዘፊያው ከውኃ ከወጣ በኋላ መቀመጫው ወደፊት የሚንሸራተትበት ጊዜ፣ በውኃ ውስጥ ከሚጎተትበት ጊዜ እጥፍ ያህል ይሆናል። ያ መንሸራተት ለቀዛፊው ትንሽ እረፍት ነው። ጎበዝ ቀዛፊ የሚታወቀው በዚያች አጭር ጊዜ ትከሻውን አላልቶ ሲተነፍስ ነው፤ ጀማሪ ቸኩሎ ወደፊት ይወረወርና ጀልባውን ራሱ ያቆመዋል።

ስለዚህ ጉዳይ የኖርዌይ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት ከ1970 እስከ 2001 ድረስ በዓለም አቀፍ ውድድር የተሳተፉ የኖርዌይ ቀዛፊዎች እንዴት ይለማመዱ እንደነበር አነጻጽሯል። ቀስ ያለው ልምምድ በወር ከ30 ሰዓት ወደ 50 ሰዓት ከፍ ብሏል። በውድድር ፍጥነትና ከዚያ በላይ የሚደረገው ልምምድ ደግሞ በወር ከ23 ሰዓት ወደ 7 ሰዓት ወርዷል። በዚያው ዘመን የቀዛፊዎቹ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም ጨምሯል። በእርግጥ በ30 ዓመት ውስጥ ሌላም ብዙ ነገር ተለውጧል፤ ቢሆንም ዛሬ በብዙ አገር ያሉ አሰልጣኞች ከልምምዱ አምስት እጅ አራቱን ቀላል፣ አንዱን እጅ ብቻ ከባድ የሚያደርጉት እንዲህ ካለው ልምድ በመነሣት ነው።

ቀላል የሚባለው ምን ያህል ነው? ቀላሉ መለኪያ ወሬ ነው። ልጁ እየቀዘፈ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ ቀላል ነው። ሁለት ሦስት ቃል ተናግሮ የሚተነፍስ ከሆነ ከባድ ሆኗል። የልጆች ትልቁ ስሕተት ቀላሉን ቀን ትንሽ ከባድ ማድረግ ነው፤ ከዚያ ከባዱ ቀን ሲመጣ ጉልበት የለም፣ ሁሉም ቀን መካከለኛ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል የልጄ ያሁኑ ሳምንት ይህን ይመስላል። እሑድ ከትምህርት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቀስ ያለ ቀዘፋ፤ ሰኞ ጂም፤ ማክሰኞ ከባድ ቀን ነው፣ ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ በርታ ብለው ይቀዝፋሉ፣ በመካከሉ አምስት አምስት ደቂቃ ያርፋሉ። ረቡዕ እረፍት። ሐሙስ እንደገና ቀስ ያለ ነው፣ ዓርብ ጠዋት ረጅምና ጠንከር ያለ፤ ከዚያ ሰንበት። በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ሁሉም ነገር ይቀንሳል። የሌላ ልጅ ሳምንት ሌላ ሊሆን ይችላል፤ አሰልጣኙን ይጠይቁ እንጂ የእኔን ልጅ አይቅዱ።

ሰንበት፣ ጾምና ሥግድ

ሰንበትን ለሚያከብር ቤተሰብ አንድ የእረፍት ቀን አስቀድሞ ተሰጥቷል። ብዙ ስፖርተኛ እንዴት ማረፍ እንዳለበት በገንዘብ አማካሪ ቀጥሮ ሲማር፣ የእኛ ሰዎች እሳት ሳያነዱ፣ መንገድ ሳይሄዱ ሙሉ ቀን ማረፍን ጎንደር ሳሉም ያውቁ ነበር። ነገር ግን ልጁ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዓት እግር ኳስ ከተጫወተ ሰውነቱ አላረፈም። መጓዝ በሚፈቅዱና በማይፈቅዱ ቤተሰቦች መካከል ልዩነት ስላለ፣ የትኞቹ ውድድሮችና ልምምዶች ቅዳሜ ላይ እንደሚውሉ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ አሰልጣኙን ይጠይቁ። ጀልባው አራት ሰው የሚይዝ ከሆነ የአንድ ልጅ መቅረት ሦስቱን ያስቀራል፤ በመጨረሻው ሳምንት መናገር ጠብ ያመጣል።

ጾምን በተመለከተ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ዮም ኪፑር፣ አባቶቻችን አስተሰርዮ የሚሉት፣ 25 ሰዓት ያህል ያለ ምግብና ያለ ውኃ ነው፤ በዚያ ወቅት ደግሞ እዚህ አገር ሙቀቱ ገና አልበረደም። ከጾሙ በፊት ባለው ቀን ከባድ ልምምድ አይደረግ፤ ላብ አውጥቶ ጾም መግባት በጎደለ እንስራ መንገድ መጀመር ነው። ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ ውኃ ይጠጣ፤ በመጨረሻው ሰዓት አንድ ሊትር መጋት አይጠቅምም፣ በሽንት ይወጣል። ጾሙ ሲፈታ ውኃና ቀለል ያለ ምግብ ይቅደም። በማግስቱ እረፍት ወይም በጣም ቀላል እንቅስቃሴ ይሁን፤ ከባዱ ልምምድ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ። ከሮሽ ሐሻና በኋላ ያለውን የጌዳልያን ጾም የሚጾም ልጅም በዚያ ቀን አይቅዘፍ። በሕመም ምክንያት መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ከሐኪምና ከቄስ ወይም ከረቢ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። አሰልጣኞች ብዙ ጊዜ ይህን አይጠይቁም፤ ልጁም «እችላለሁ» ይላል። ወላጅ ደውሎ ይንገር፤ ነውር የለበትም።

ሥግድ ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሔሽቫን 29 ይውላል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የታወቀ ብሔራዊ በዓል ነው። በመጸው ልምምድ መካከል ስለሚገባ የልጁን አሰልጣኝ ሊያስገርመው ይችላል። ልጄ የመጀመሪያውን ዓመት «በዓል አለብኝ» ስትለው «ጥሩ፣ ታርፊያለሽ» ብሏት ነበር። ሌሊት ተነሥቶ በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም መሄድ፣ እየጾሙ አርሞን ሐነጺቭ ላይ ሰዓታት መቆም፣ ከሰዓት በኋላ መብላትና መጨፈር፣ ማታ ደክሞ መመለስ፦ ይህ ልምምድ የሌለበት ቀን ነው እንጂ ለሰውነት የእረፍት ቀን አይደለም። ስለዚህ ማግስቱ ቀላል ይሁን። ይህን አሰልጣኙ እንዲገባው ያደረገችው ልጄ ራሷ ናት፤ በሁለተኛው ዓመት እናቴ የጋገረችውን ዳቦ ይዛለት ሄዳ ነው የነገረችው።

የሱኮት ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ በቀን ሁለት ጊዜ ልምምድ የሚጠሩ አሰልጣኞች አሉ። ክፉ አይደለም፤ ግን ከጾሙ አምስት ቀን በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ልጁ በደንብ በልቶና ተኝቶ መሆን አለበት።

ስለ ምግብና እንቅልፍ

በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም፤ የእኛ ቤት ምግብ ለቀዛፊ የሚሆን ነው። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ድንችና ሩዝ ያለቀውን ስንቅ ይሞላሉ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ዶሮና እርጎ ጡንቻ ይጠግናሉ። ከባድ ልምምድ ካለቀ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሆነ ነገር ይብላ። ሌሊት የሚወጣ ልጅ ቅባት የበዛበት ወጥ በልቶ ባይሄድ ይሻላል፤ ተምር ወይም ቁራሽ ዳቦ ይበቃዋል። ቆሎ በቦርሳ ይያዝ፣ ግን ከልምምድ በኋላ ነው። በቴሌቪዥን የሚታወጁ የጡንቻ ዱቄቶችን ለልጅ የሚገዛ ወላጅ ገንዘቡን ለሥጋና ለእንቁላል ቢያውለው ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊት 11 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ማታ ከ3 ሰዓት በፊት ካልተኛ ስምንቱ አይሞላም። ስልኩ ሳሎን ይደር። በእኛ ቤት ከሁሉም የከበደው ሕግ ይህ ነው።

ውኃውና የእጅ ቁስል

በልምምድ መጀመሪያ መዳፍ ውኃ ይቋጥራል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ ይጠነክራል። ያርኮን ላይ ግን የተላጠ እጅ ቸል አይባልም። በ1997 እ.ኤ.አ. በማካቢያ ጨዋታዎች መክፈቻ ዕለት በወንዙ ላይ የተሠራ የእግረኞች ድልድይ ተደርምሶ የአውስትራሊያ ቡድን አባላት ውኃው ውስጥ ወደቁ። አራት ሰዎች ሞቱ፤ ሦስቱ የሞቱት በኋላ፣ ከውኃው በያዛቸው ኢንፌክሽን ነው። ዛሬም የወንዝ ውኃ የወንዝ ውኃ ነው። የተላጠው ቦታ ከልምምድ በፊት ይሸፈን፣ ከልምምድ በኋላ ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ካበጠ፣ ከቀላ ወይም ትኩሳት ካለ ሐኪም ይየው። ዋና የማይችል ልጅ ደግሞ ጀልባ ላይ አይውጣ። አባቶቻችን ለመንጻት ብለው ከወንዝ ዳር ሠፍረው ይኖሩ ነበር፤ ሆኖም ከእኛ ትውልድ ብዙዎቻችን ዋና አልተማርንም። ልጆቹ በዚህ ሊመስሉን አይገባም።

በጥቅምት መጨረሻ ሰዓቱ ሲለወጥ ደግሞ ጨለማ ቶሎ ይመጣል፤ በኅዳር መጀመሪያ ቴል አቪቭ ውስጥ ፀሐይ ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ትጠልቃለች። የከሰዓት ልምምድ ያለው ልጅ ጀልባው መብራት እንዳለው ይጠይቁ። መብራት ከሌለ ልምምዱ በማሽን ላይ መሆን አለበት።

ከውድድሩ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት

ብዙ ልጅ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ውድድሩ ሲቀርብ ይጨነቅና ልምምድ ይጨምራል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ጉልበት አይገኝም፤ የተገኘውን ድካም ማራገፍ ግን ይቻላል። የልምምዱ ብዛት ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀነሳል። ፍጥነቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይተውም፤ አጫጭር ሁለት ሦስት ደቂቃ የውድድር ፍጥነት ይቀራል፣ አለዚያ ሰውነት ይፈዛል። በእነዚህ ቀናት ልጁ «ሰነፍኩ፣ እግሬ ከበደኝ» ሊል ይችላል። የተለመደ ነው። ጊዜው የሚያልፈው መታጠፊያዎቹን በካርታ በማጥናት ቢሆን ጥሩ ነው፤ በረጅም ውድድር በአንድ መታጠፊያ የሚጠፋውን ጊዜ በጉልበት መመለስ አስቸጋሪ ነው።

በውድድሩ ቀን የመጀመሪያውን ደቂቃ በርትቶ የሚጀምር ልጅ በስድስተኛው ደቂቃ ይቸገራል። ልጄ ከጉዳቱ በተመለሰች ማግስት ዓመት፣ ረቡዕ ረቡዕ እያረፈች ተዘጋጅታ፣ በዚያው ባለ አራት ጀልባ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ጀልባ ገና ከመነሻው ቀደማቸው። እኔ ድልድይ ላይ ቆሜ «በርቺ» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ከግማሽ በኋላ አንዱን ደርሰውበት አለፉት፣ ሁለተኛውን አልደረሱበትም። በምድባቸው አምስተኛ ወጡ። ከውኃው ስትወጣ እናቴ ፎጣና ደረቅ ሹራብ ይዛ ቆማ ነበር። «ዛሬም ወደ ኋላ እያየሽ ነው የሄድሽው?» አለቻት። ልጄ ሳቀች፤ ስትስቅ ጎድኗን አልያዘችም።